ከሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዶች ለአንድ ፊልም የሚበቃው የዲማው ታሪክ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ለአንባቢ ካቀረቧቸው ሦስት ረጃጅም ልቦለዶች፣ ማለትም በ1958 ዓ.ም ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1974 ዓ.ም ከወጣው «ወንጀለኛው ዳኛ» እና በ1980 ዓ.ም ከታተመው «የልምዣት» መካከል ራሱን ችሎ ፊልም ሊሆን የሚችለው የቀዳሚው መጽሐፍ የዲማ ክፍል ነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው በበዛብህ ወላጆችና በማንኩሳ ባሳለፈው ልጅነት ነው። ይህ ለተከታታይ ድራማ እንጂ ለሁለት ሰዓት ፊልም አይመችም። በዛብህ በምሥራቅ ጎጃም ብቸና አቅራቢያ ወደምትገኘው ዲማ መጥቶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ከጀመረ በኋላ ግን ታሪኩ በአንድ ግቢ ይሰበሰባል። የመኳንንቱ የዘር ኩራት፣ የባላገሩ አመፅና በምስጢር የሚያድገው ፍቅር የሚጋጩት በዚሁ ቤት ነው። ሥርዓቱን የሚነቅፈው ጉዱ ካሣም የቤቱ ዘመድ ነው።

ይሁንና ከማንኩሳው ክፍል ሊቀር የማይገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ወላጆቹ በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት የተሳሉት ስለት ነው። ስለቱ ከተዘለለ ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው የዘር ልዩነት ብቻ ይመስላል፤ የበዛብህ የኅሊና ፍርሃትም ለተመልካቹ ትርጉም ያጣል።

ደራሲው በልጅነታቸው በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተከታትለዋል። በመሆኑም ቀረጻው ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ቢከናወን ይመረጣል።

ከሁሉም የሚከብደው የተዋናይ ምርጫው ነው። ልቦለዱን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የሰማ ሁሉ የጉዱ ካሣን ድምፅ አስቀድሞ በጆሮው ይዟል፤ ያንን ድምፅ ለማስመሰል የሚሞክር ተዋናይ ደግሞ ከወዲሁ ተሸንፏል።