ስብ የሚልከው ልዑክ

በአገራችን ልጅ ወፈር ያለ እንደ ሆነ እናቱ «እንዴት አሳምረሽ አሳደግሽው!» ተብላ ትመሰገናለች፤ ውፍረቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ምስጋናው ወደ ነቀፌታ ይለወጥና ያው ልጅ «ሆዳም» የሚል ስም ይወጣለታል። ስስት ከአርዕስተ ኃጣውእ አንዱ መሆኑን ከአባቶቻችን ተምረናል፤ ይሁን እንጂ የሕፃንን ረኃብ ሁሉ ስስት ብሎ መጥራት ፍርድን ማጓደል መሆኑን፣ የሰውነታችንን ረቂቅ ሥርዓት የመረመሩ ሊቃውንት ደርሰውበታል።

ነገሩ የተጀመረው በአይጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ ጃክሰን በተባለው ቤተ ሙከራ በልተው የማይጠግቡ፣ ከልክ በላይ የሚወፍሩ አይጦች ተወልደው ተገኙ። ዳግላስ ኮልማን የተባለ ተመራማሪ የወፍራሙንና የጤነኛውን አይጥ አካል በስፌት አገናኝቶ ደማቸው እንዲዋሐድ ቢያደርግ ወፍራሙ መብሉን ቀነሰ፣ ውፍረቱም ጋብ አለ፤ ስለዚህ በጤነኛው ደም ውስጥ «በቃህ» የሚል ልዑክ እንደሚመላለስ፣ ወፍራሙም ይህን ልዑክ አጥቶ እንደ ተወለደ አስተዋለ። በ1994 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ የልዑኩን ዘረመል አገኙ፤ ልዑኩም «ቀጭን» ከሚለው የግሪክ ቃል ሌፕቲን ተባለ። የሚያስደንቀው ግን ይህን ሆርሞን ወደ አንጎል የሚልከው፣ እኛ የሰነፍ ሸክም አድርገን የምንቆጥረው ስብ ራሱ መሆኑ ነው።

በ1997 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሐኪሞች ሌፕቲን የሌላቸው ሁለት ልጆች አገኙ፤ ታላቂቱ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ኋላ ሆርሞኑ በመርፌ ቢሰጣት፣ ተግሣጽና ቁጣ ሊያደርጉት ያልቻሉትን አደረገ፤ በዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ያህል ቀነሰች።

እንዲህ ያለው ጉድለት እጅግ ብርቅ ነው። የሚበዙት ወፍራም ልጆች ሌፕቲን ሞልቶ ተርፎላቸዋል፤ አንጎላቸው ግን መልእክቱን መቀበል ተስኖታል። በደም ያለውን ስኳር ሕዋሳት እንዲቀበሉ የሚያዝዘው የኢንሱሊን ሆርሞንም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ጡንቻው ትእዛዙን እንቢ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጨዋል፤ ጉበትም በዚያ ብዛት ተገፋፍቶ ስኳሩን ወደ ስብ እየለወጠ በገዛ ሕዋሳቱ ውስጥ ያከማቻል። በጣፋጭ መጠጥ የሚገባው ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር አብዛኛው የሚያርፈው በዚሁ በጉበት ላይ ነውና ሸክሙን ያባብስበታል፤ ጉበትን ይጠብቅ የነበረው አዲፖኔክቲን የተባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ ውፍረት ሲጨምር ይመነምናል። ከ100 የጉበት ሕዋሳት ከ5 የሚበልጡት ስብ ሲያዝሉ የጉበት ስብ የተባለው ደዌ ጀመረ ይባላል፤ አልኮል በአፉ ያልዞረ ሕፃን፣ በመጠጥ እንደ ተጎዳ ሰው ጉበቱ ሊቆስልና ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል።

ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ነው። ኢንሱሊን መበርከቱን የሚጠቁም አንድ ምልክት ግን ዓይን ያየዋል፤ እርሱም በአንገትና በብብት ላይ የሚወጣው ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ ቆዳ ነው፤ እናቶች እድፍ መስሏቸው በሳሙና ሲፈትጉት ልጁ ያለ በደሉ ያለቅሳል። ጠባሳ ሳይበዛ የተደረሰበት ጉበት፣ ጣፋጭ መጠጥ ሲቀርና ልጁ መሮጥና መጫወት ሲያዘወትር ስቡን ሊያራግፍ ይችላል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ምልክት በልጃችሁ አንገት ላይ ያያችሁ እንደ ሆነ ፍተጋውንና ቁጣውን ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።