የመዝገብን ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ስለሚያስፈልገው ጊዜ አወሳሰን

የእርሻን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጊዜን በሥራው ልክ ይመጥናል። መሬቱ ስንት ጥማድ እንደ ሆነ፥ በሬዎቹም በቀን ምን ያህል እንደሚያርሱ ሳያስብ የሚዘራበትን ቀን የሚወስን ገበሬ የለም፤ ቢኖርም ዝናቡ ቀድሞት ይገኛል። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል። የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ይዛወር በተባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚቈረጠው የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሥራውም ከዚያ በኋላ በቀኑ ልክ እንዲሆን ይታዘዛል። በቀኑም ሳያልቅ በቀረ ጊዜ ጉዳቱ የሚወድቀው በመሥሪያ ቤቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመዝገቡ ማስረጃን ወይም ገንዘብን በሚጠብቀው ባላገር ላይ ጭምር ነው።

ይህንን ለመረዳት በብሪታንያ መንግሥት ውስጥ፥ በኢንግላንድ ገበሬዎች ላይ የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፈው የዓመትና የወር ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በጁን ወር 2003 የአውሮፓ ኅብረት የእርሻ ሚኒስትሮች ለገበሬ የሚሰጠው ድጎማ በሚያመርተው እህልና በሚያረባው ከብት ልክ መሆኑ ቀርቶ አንድ ጠቅላላ ክፍያ እንዲሆን ተስማሙ። አዲሱንም ደንብ ከ2005 ጀምሮ፥ ወይም እስከ 2007 አዘግይቶ ማቆም ለየአገሩ ተፈቀደ። ኢንግላንድ የቀረበውን ዓመት መረጠች፤ ከአሠራሮቹም መካከል ከባዱን ወሰደች። ይኸውም የክፍያው ልክ በከፊል ገበሬው በቀደሙት ዓመታት በተቀበለው ገንዘብ፥ በከፊልም በያዘው መሬት ስፋት እንዲተመንና የመሬቱ ድርሻ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ በ2012 ሌላውን ፈጽሞ እንዲተካው ነው። ይህ ውሳኔ የተገለጸው በፌብሩዋሪ 2004 ነበር፤ ኮምፒዩተሩን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ግን ውሉን የተዋዋለው በ2003 መጀመሪያ ነው። የቤቱ ንድፍ ሳይታወቅ ግንበኛው ተቀጠረ እንደ ማለት ነው።

የክፍያውን ሥራ የያዘው መሥሪያ ቤት ያልመጠናቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ። ቀድሞ ድጎማ የሚጠይቁት ገበሬዎች ወደ 80,000 ይሆኑ ነበር፤ ክፍያው በመሬት ስፋት በሆነ ጊዜ ግን ትንሽ መሬት ያለው ሁሉ መጠየቅ ስለ ቻለ ቍጥራቸው ወደ 120,000 ተጠጋ። የእያንዳንዱም ማሳ ድንበር በካርታ ላይ መግባት ነበረበት፤ የካርታው ሥራ ከታሰበው እጅግ በዝቶ ተገኘ። በዚያው ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ለመቀነስ ሲል ቅርንጫፎችን ይዘጋና ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች ያሰናብት ነበር፤ በኋላም ሥራው ሲበዛበት ነገሩን የማያውቁ ጊዜያዊ ሠራተኞችን ቀጠረ። የአንዱም ገበሬ ጉዳይ በአንድ ሠራተኛ እጅ መሆኑ ቀርቶ በየክፍሉ ለልዩ ልዩ ሰዎች ስለ ተከፋፈለ፥ ገበሬው ጉዳዩ ከምን እንደ ደረሰ ቢጠይቅ የሚመልስለት አላገኘም። ኮምፒዩተሩም ክፍል በክፍል ተሠርቶ ሥራ ላይ ሲውል፥ አስቀድሞ በሙሉ በአንድነት አልተፈተነም።

ክፍያው ከዲሴምበር 2005 ጀምሮ እስከ ማርች 2006 መጨረሻ ከመቶ 96 እጁ እንዲጠናቀቅ ታስቦ ነበር። የተጀመረው ግን በፌብሩዋሪ ነው። ሥራው በቀኑ እንደሚያልቅ ለሚኒስትሮቹ ሲነገር ቈይቶ እንደማይቻል የተነገረው ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። ማርች በተፈጸመ ጊዜ ከጠቅላላው 1,515 ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለው ከመቶ 15 እጅ ብቻ ሆነ፤ የመሥሪያ ቤቱም ዋና ኃላፊ ከሥራው ተነሣ። ወራቱ ለኢንግላንድ ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛበት የመጸው ወቅት ስለ ነበር ብዙዎቹ ከባንክ ለመበደር ተገደዱ። የመንግሥት ሒሳብ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2006 ባወጣው መግለጫ ገበሬዎቹ ለወለድና ለብድር ማስፈጸሚያ ብቻ ከ18 እስከ 22.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳወጡ ገመተ። ስኮትላንድና ዌልስ ግን በቀደሙት ዓመታት ክፍያ ብቻ የሚተመነውን ቀላሉን አሠራር ስለ መረጡ ገበሬዎቻቸውን ቀድመው ከፈሉ።

የኅብረቱ የድጎማ ደንብ እንደ ገና በተለወጠ ጊዜ፥ በ2015፥ ኢንግላንድ ገበሬዎች ሁሉ ማመልከቻቸውን በኢንተርኔት እንዲያቀርቡ አዘዘች። አሁንም የካርታው ክፍል ሳይሳካ ቀረና በማርች ወር ተነሥቶ ገበሬዎቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የማመልከቻውም መጨረሻ ቀን ከሜይ 15 ወደ ጁን 15 ተላለፈ። የሥራው ወጪ መጀመሪያ ከታሰበው 155 ሚሊዮን ወደ 215 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ አለ። የቀድሞው ችግር በመግለጫ ተጽፎ እያለ የካርታው ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይመጠን መቅረቱ እጅግ የሚያሳስብ ነው።

እንግዲህ ጊዜን በትክክል መወሰን የሚጀምረው ከመቍጠር ነው። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ 60,000 ማሳዎች ቢኖሩ፥ አንድ ጸሓፊም ስምና ድንበሩን ከአሮጌው መዝገብ ጋር እያመሳከረ በቀን 12 ማሳ ቢያስገባ፥ ዐሥር ጸሓፊዎች በቀን 120 ይፈጽማሉ፤ ሥራው 500 የሥራ ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። በዓላትና ዕረፍት ተቀንሰው በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢገኝ ይህ የሁለት ዓመት ሥራ ይሆናል። መብራት የሚጠፋበት ቀንና ድንበሩ ክርክር ያለበት ማሳ ገና በዚህ ውስጥ አልገባም። የስድስት ወር ትእዛዝ ቢመጣ ለገዢው ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 40 የሠለጠኑ ጸሓፊዎችን ከነኮምፒዩተራቸው መጠየቅ፥ ወይም ሥራውን በጥቂት ቀበሌዎች ወስኖ መጀመር፥ ወይም ጊዜው እንዲራዘም ምክንያቱን በቍጥር አስረድቶ ለበላይ ማመልከት። ሳይቈጥሩ ይፈጸማል ብሎ መጻፍ ግን በኋላ የሚመጣውን እፍረት ማከማቸት ነው።

አንድ ጸሓፊ በቀን ስንት እንደሚፈጽም በግምት አይታወቅም። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ቀበሌ ለሙከራ ተመርጦ፥ ሥራው ከመዝገቡ ፍለጋ ጀምሮ ባለይዞታው ማስረጃውን እስኪቀበል ድረስ ይፈጸም፤ የወሰደውም ጊዜ ይጻፍ። ቀበሌው ሲመረጥ መዝገቡ የተስተካከለበትና ለመንገድ የቀረበው ብቻ አይታይ፤ መዝገቡ የተበላሸበትም አብሮ ይፈተን። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ከመስጠት ይልቅ ሁሉ ነገር ቢቃና፥ እንደ ወትሮው ቢሄድና መሰናክል ቢበዛ ሥራው መቼ መቼ እንደሚያልቅ ሦስት ቀን ለይቶ ማሳወቅ ይሻላል።

ሥራው ከዘገየ በኋላ ሰው በመጨመር ይፋጠናል ብሎ ማሰብም ብዙዎችን አሳስቷል። በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ትልቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራን የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረዳ። ምክንያቱም አዲሶቹን የሚያስተምሩት ሥራውን የያዙት ነባሮቹ ስለ ሆኑና የሚነጋገረው ሰው ሲበዛ መግባባት ስለሚከብድ ነው። ተጨማሪ ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ በመጀመሪያው መጠየቅ አለበት፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከበታች የሚመጣውን መግለጫ የሚቀበል ሹም «ከመቶ 90 እጁ ተፈጽሟል» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይቀበል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተፈጸመው መዝገብ ስንት ነው፥ ባለፈው ሳምንትስ ስንት ነበር ብሎ ይጠይቅ። ክፉ ወሬ ያመጣውንም ሠራተኛ አይቈጣ፤ ቢቈጣው ሁለተኛ እውነቱን የሚነግረው አያገኝም፤ ኢንግላንድ ውስጥም እውነቱ ዘግይቶ በመነገሩ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ጊዜ አልተረፈም። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር አንድ የምርመራ ቀን አስቀድሞ ይወሰን፤ በዚያ ቀን ይህን ያህል መዝገብ ካልተፈጸመ በአሮጌው መዝገብ እንሠራለን ተብሎ ይጻፍ። አሮጌውም መዝገብ አዲሱ አንድ ሙሉ የግብር ወይም የክፍያ ዘመን ያለ ስሕተት እስኪያልፍ ድረስ በክብር ይጠበቅ። አዲሱን የሚጀምሩበት ቀን በመኸርና በግብር መክፈያ ወራት ላይ አይዋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያም የሩቅ አይደለም። በ1998 በትግራይ የተጀመረው የገበሬ ይዞታ ምዝገባ መሬትን በገመድ እየለካ በመዝገብ የሚጽፍ ነበር፤ በሌሎች ክልሎችም ምዝገባው ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የማሳው ካርታ ያለበት የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ተጨምሮ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ጀምሯል። በአሮጌው መዝገብ ላይ የሞተ ሰው ስም፥ ለልጆች የተከፈለ መሬትና በስሕተት የተጻፈ ድንበር ይገኛል፤ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ እንደ ተሰጠው ይቀበላል እንጂ አያቃናውም። የማቃናቱ ሥራ የሽማግሌዎች፥ የጎረቤቶችና የወረዳው ባለሥልጣኖች ነው፤ ጊዜውም በዕቅዱ ውስጥ መግባት ይገባዋል። የመበለቲቱ ስም በባልዋ ስም ፈንታ ሳይገባ ቀርቶ መዝገቡ ቢዘጋ፥ መሬትዋን ለማስመለስ በፍርድ ቤት የምትመላለስበት ዘመን ከተቈጠበው አንድ ወር ይበልጣል።

ስለዚህ አገረ ገዢዎችና የወረዳ ሹማምንት እንዲህ ያለ ሥራ በታዘዘ ጊዜ ቀኑን ከመቀበላቸው በፊት መዝገቡን ያስቈጥሩ፥ በአንድ ቀበሌ ያስሞክሩ፥ የተገኘውንም ቍጥር ለበላይ ያሳውቁ። ባለይዞታዎችም የቤተ ሰባቸውንና የድንበራቸውን ማስረጃ አስቀድመው አዘጋጅተው በመጠበቅ ሥራውን ያግዙ።