ከሸክላው ሥር የተኛው ሽቦ

በኢሉባቦር እንጨት ሞልቷል፤ በሐምሌ የሚጠፋው ደረቁ ነው። ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝቅ ብላ በሶር ወንዝ አጠገብ የተቀመጠችው መቱም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ጥግ ተከምሮ የከረመ ፍልጥ እንኳ እርጥበት ስቦ ይጨሳል እንጂ አይነድም። የምጣዱ አንድ ጎን ሲያር ሌላው ጎን ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። መብራት የገባለት ቤት ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ቢያዞር ታዲያ ምን ይገርማል? ይህን ዕቃ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ገልብጦ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ሲገለበጥ፣ ያ ከላይ ልስልስ ያለው ሸክላ ከሥሩ ቦይ አለው። ቦዩ ከጠርዝ ተነሥቶ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል። በውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ተኝቷል፤ ባለሙያዎቹ ሬዚስታንስ ይሉታል። ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ ቦዩ በጀሶ ይደፈናል፣ ሁለቱ ጫፎች ወጥተው ከካቮው ጋር ይያያዛሉ፣ ሸክላው በቆርቆሮው አካል ላይ ይቀመጣል። ሌላው ሁሉ ክዳንና እግር ነው።

ሽቦው መዳብ ቢሆን ኤሌክትሪኩ ያለ ችግር እየሮጠ አልፎ ብሬከሩን ይጥል ነበር። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ኒክሮም የሚባለው የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ነው፤ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት። ኤሌክትሪኩን አያግደውም፣ እንደልቡም አያሳልፈውም፤ በግፊያው መሀል ይግላል። ሲግል በላዩ የሚፈጠረው ስስ የክሮም ኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ አየር እንዳይበላው ይጠብቀዋል። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ የተዘረጋ ቀጭን ካቮ ላይ የተሰካ ምጣድ መጀመሪያ የሚጋግረው ሶኬቱን ነው። ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የሚመጣ፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ያላነሰ መስመር ቢኖረው ይመረጣል።

የሠሪና የሠሪ ልዩነት የሚታየው በሽቦው አዘረጋግ ላይ ነው። ዙሮቹ ከተራራቁ እንጀራው ላይ ቀለበት ቀለበት ይወጣል። ጠርዙ ሙቀት ቶሎ ስለሚያመልጥበት እዚያ ጠበቅ ማድረግ ያሻል። ሸክላው ስስ ከሆነ ቶሎ ይግላል፣ ግን እያንዳንዱ ሊጥ ሲፈስበት ይበርዳል። ወፍራም ከሆነ ለመጋል ጊዜና ቆጣሪ ይበላል፣ ከጋለ በኋላ ግን እንጀራው ሁሉ አንድ ዓይነት ዓይን ያወጣል። እኔ ወፍራሙን እመርጣለሁ፤ ሦስት እንጀራ ለመጋገር ምጣድ የሚያሞቅ የለምና።

ይኸው ዘዴ በሌላ አገር የቤት ወለል ያሞቃል። ሮማውያን በወለል ሥር የእሳት አየር ያሳልፉ ነበር፤ ኮሪያውያን ኦንዶል በሚሉት ሥርዓት የምድጃውን ጭስ በመኝታቸው ሥር ይመሩ ነበር። ዛሬ ጭሱን ሽቦ ተክቶታል። ልዩነቱ በመጠኑ ነው፦ የወለል ሽቦ በአንድ ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ዋት ብቻ ሰጥቶ ወለሉን 27 ወይም 28 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል። ወርዱ 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ ግን በስፋት ሲሰላ ከዚያ መቶ እጥፍ ገደማ ያነዳል። የወለል ገጣሚ ሽቦውን ከመዘርጋቱ በፊት ሙቀት የማያሳልፍ ሰሌዳ ከሥር ያነጥፋል። ሽቦው በእኩል ርቀት ይታጠፋል፤ አይነባበርም፣ ረዘመ ተብሎም አይቆረጥም። ሲሚንቶ ሳይፈስበትና ከፈሰሰ በኋላ ሬዚስታንሱ በቴስተር ይለካል፤ ሲሚንቶው በደንብ ሳይደርቅ አይበራም። መቱ ውስጥ የመኝታ ቤት ወለል ይሙቅ ብዬ አልከራከርም። ለጎሬ ብርድ ጋቢና ምድጃ ዳር የሚጠጣ ቡና ይበቃሉ። ከዚያ ሥራ ለምጣዳችን የሚጠቅመው ግን ያ ከሥር የሚነጠፈው ሰሌዳ ነው።

ሙቀት ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ሽቦው ለሸክላውም ለቆርቆሮውም እኩል ይግላል። ከሥሩ ባዶ የሆነ ምጣድ ከሚበላው ኃይል ቀላል የማይባለውን ክፍል ለወጥ ቤቱ ወለልና ለጋጋሪዋ ጉልበት ይሰጣል። በሽቦውና በቆርቆሮው መካከል የመስታወት ጥጥ ወይም ሌላ የማይቃጠል መከላከያ ቢታጨቅ፣ አክንባሎውም በደንብ ቢገጥም፣ ሽቦ ሳይጨመር ምጣዱ ቶሎ ይግላል። ገዢ ግን ዋቱን ይጠይቃል እንጂ ሥሩን አይነካም፤ ሻጭም ያልተጠየቀውን አይነግርም።

ይህ ብክነት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራውና በ1990 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የመቱ አካባቢ የኃይል ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋ ዋት ነው። በ3500 ዋት ሲካፈል 1400 ምጣድ ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም ሌላ አንዲት አምፖል ሳትበራ። በበዓል ዋዜማ የአንድ ሰፈር ምጣዶች አብረው ሲሰኩ መስመሩ ይደክማል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ደግሞ የምጣዱ ሙቀት የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፣ በሲሶ ነው። እንጀራው ነጥቶ፣ ዓይኑ ሳይወጣ የሚቀረው እርሾው ከፍቶ ሳይሆን ጎረቤቱ ሁሉ እየጋገረ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ማምሻውን ትቶ ሌሊት ተነሥቶ መጋገር ያለ ምክንያት አልተለመደም።

የክረምቱ እርጥበት ሌላ ጣጣ አለው። ሸክላና ጀሶ ውሃ ይጠጣሉ። ሳምንት ሳይሰካ የቆየ ምጣድ ሲበራ ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ሸክላ በኩል ወደ ቆርቆሮው ይሾልካል፤ ባዶ እግሯን እርጥብ ወለል ላይ የቆመች ሰው ማሰሻውን ይዛ ጠርዙን ስትነካ ይነዝራታል። «ትንሽ ነው፣ ሲግል ይተዋል» የሚባለው እውነትነት አለው፤ ሲግል እርጥበቱ ይተናል። እስኪግል ግን ሰው ሊገድል ይችላል። የቆርቆሮው አካል ከምድር ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት፤ ፍንጣቂ ኤሌክትሪክ ሲያይ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር ቢጨመር ደግሞ የተሻለ ነው። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ ጋር ሲተያይ የምድር ሽቦ ምንም አይደለም።

ምጣዱ ድንገት ከቀዘቀዘ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሷል። ጠጋኙ ጀሶውን ፈልፍሎ የተበጠሱትን ጫፎች አገናኝቶ ይጠመዝዛል። ምጣዱ እንደገና ይግላል፤ እንዲያውም ከበፊቱ በላይ፣ ሽቦው አጥሯልና። ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ የተጠመዘዘው ቦታም ከሌላው ቀድሞ ይግላል። ባለቤቷ «አሁን ጎበዘ» ትላለች፤ ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ወይም አጠገቡ ይበጠሳል። ሁለት ጊዜ የተቀጠለ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር ይሻላል። የጠጋኙን ሥራ ለማየትም 14 ኦም ገደማ መሆን የነበረበትን በቴስተር መለካት ይበቃል፤ 11 ወይም 10 ካነበበ ያ ምጣድ ለ16 አምፔር የተዘጋጀውን ሶኬት 20 አምፔርና ከዚያ በላይ እየጠየቀው ነው።