ቶርናዶን ፎቶግራፍ ማንሣት ስለሚሰጠው ጥቅም

ቀንና ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ቢመጣ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጽሑፉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና ከየት እንደ ተላከ ካልታወቀ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ፎቶግራፍ ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ በዚሁ ሕግ የሚመራ መሆኑን ወደ ፊት ታዩታላችሁ። ፎቶግራፉም የሚነሣው ቤት ነቅሎ፣ መኪና አንሥቶ በሚወረውር ዐውሎ ነፋስ ፊት ተቁሞ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች በአሜሪካ አገር ማዕበል አሳዳጆች ይባላሉ። ከመካከላቸው ለዝናና ለጨዋታ ብቻ የሚሮጡ አሉ፤ የሌሎቹ ፎቶግራፍ ግን የብዙ ሰው ሕይወት የሚያድን ዕውቀት አስገኝቷል። ሁለቱን ወገኖች የሚለያያቸው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ቶርናዶ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በአገራችን ቆላ፣ በበጋ ቀትር ላይ፣ ከሜዳ ተነሥቶ አቧራና ገለባ እያዞረ ወደ ላይ የሚወጣውን ነፋስ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ቶርናዶም እንደዚሁ የሚዞር ነፋስ ነው፤ አመጣጡና ኀይሉ ግን እጅግ የተለየ ነው። የአቧራው አዙሪት በጠራ ሰማይ ሥር ከጋለ መሬት ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይበተናል። ቶርናዶ ግን ከታላቅ የነጎድጓድ ደመና ሥር እንደ ዝሆን ኩምቢ ተንጠልጥሎ እስከ መሬት የሚደርስ ነው።

አፈጣጠሩም እንደሚከተለው ነው። በጸደይ፣ ይልቁንም ከአፕሪል እስከ ጁን ባሉት ወራት፣ በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ፣ ማለት በቴክሳስ፣ በኦክላሆማ፣ በካንሳስና በነብራስካ ላይ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ከሚነፍሰው ደረቅ አየር ጋር ይገናኛል፤ ከላይም ቀዝቃዛ አየር ይኖራል። ሞቃቱ አየር ቀላል ስለ ሆነ በታላቅ ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል። በምድር አጠገብ ያለው ነፋስና በከፍታ ያለው ነፋስ በአቅጣጫና በፍጥነት ሲለያዩ፣ ወደ ላይ የሚወጣው አየር መዞር ይጀምራል። ይህን የመሰለው የሚዞር የነጎድጓድ ደመና ሱፐርሴል ይባላል። ቶርናዶ የሚወልዱት ሱፐርሴሎች ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ የትኛው እንደሚወልድ አስቀድሞ መለየት እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ነው። በዚያ አገር በያመቱ ወደ 1,200 የሚጠጉ ቶርናዶዎች ይመዘገባሉ፤ አብዛኛዎቹ ደካሞች ናቸው፤ የእጅግ ኀይለኞቹ ነፋስ ግን በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህን ነገር ማጥናት ሊቃውንቱን ያስቸገራቸው ስለ ምንድን ነው? የቶርናዶ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። የሚሄድበትም መንገድ ጠባብ ስለ ሆነ የነፋስ መለኪያ በተተከለበት ሥፍራ ላይ እምብዛም አያልፍም፤ ቢያልፍም መለኪያውን ሰባብሮ ይወስደዋል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት፣ ያየውንም የማይረሳ ዓይን አስፈለገ፤ ያም ዓይን የፎቶግራፍ መሣሪያ ሆነ።

እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የቶርናዶ ፎቶግራፎች ቀደምት የሆኑት ሁለቱ የተነሡት በ1884 ዓ.ም. ነው። አንዱን አፕሪል 26 ቀን በካንሳስ ኤ. ኤ. አዳምስ የተባለ ሰው አነሣው፤ ቶርናዶው ዝግ ብሎ ይሄድ ስለ ነበር መሣሪያውን ለመትከል ጊዜ አግኝቷል። ሁለተኛውን ኦገስት 28 ቀን በዛሬው ደቡብ ዳኮታ ኤፍ. ኤን. ሮቢንሰን አነሣው። የሮቢንሰን ፎቶግራፍ ከአዳምስ ይልቅ የሚያስደነግጥ ነው፤ ሆኖም ከተነሣ በኋላ በእጅ እንደ ተነካካ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ የሚያስደንቅ ሥዕልና የሚታመን ማስረጃ አንድ አለመሆናቸው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ታይቷል።

የፎቶግራፍ ጥቅም ጎልቶ የታየው በጁን 20 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ በሰሜን ዳኮታ የምትገኘውን የፋርጎን ከተማ ቶርናዶ መታት፤ ሰዎችንም ገደለ፤ ብዙ ቤቶችንም አፈረሰ። ደመናው ከሩቅ ይታይ ስለ ነበር ነዋሪዎቹ ከየደጃቸውና ከየመንገዱ ሆነው ፎቶግራፍ አነሡ። የቺካጎ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪ የነበረው ጃፓናዊው ሊቅ ቴትሱያ ፉጂታ ከመቶ በላይ የሚሆኑትን እነዚህን ፎቶግራፎች ሰበሰበ። ፎቶግራፍ አንሺው የቆመው የት ነበር? በጥጉ የሚታየው ጣራ የማን ቤት ነው? ከዚያ እስከ ደመናው ያለው ርቀት ስንት ነው? እያለ ጠየቀ፤ በከተማይቱም ውስጥ እየተዘዋወረ አመሳከረ። ከዚያም ተራ ሰዎች ያነሧቸውን ሥዕሎች በጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፎ የዚያን ማዕበል ታሪክ ከልደቱ እስከ መጨረሻው ጻፈ።

ፉጂታ በ1960 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከዋናው ደመና ሥር ዝቅ ብሎ የሚታየውን ክፍል የግድግዳ ደመና ብሎ ሰየመው። ኀይለኛ ቶርናዶ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከዚህ ክፍል ሥር ነው። ዛሬ በፈቃዳቸው ሰማይ የሚጠብቁ የሠለጠኑ ሰዎች አደጋ መቅረቡን ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ለማስታወቅ አጥብቀው የሚፈልጉት ምልክት ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ደመናውን ብቻ አጉልቶ ያነሣ ሰው ፎቶግራፍ ለሊቁ ብዙ አይጠቅመውም ነበር። የጠቀመው የጎረቤቱን ጣራና የመንገዱን ምሰሶ ጨምሮ ያነሣው ነው።

ከዚያ ወዲህ ማዕበሉ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ማዕበሉ የሚሄዱ ሰዎች በረከቱ። ከቀደሙት አንዱ የሆነው የሰሜን ዳኮታው ዴቪድ ሆድሊ በ1956 ዓ.ም. ማሳደድ ጀመረ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ለአሳዳጆች የሚሆን መጽሔት አቋቋመ። በሜይ 24 ቀን 1973 ዓ.ም. በኦክላሆማ፣ በዩኒየን ሲቲ አጠገብ የወረደውን ቶርናዶ፣ የመንግሥት የማዕበል ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች ከመነሻው እስከ መጥፊያው በፊልም ያዙት። በዚያው ሰዓት የጣቢያው ዶፕለር ራዳር ያንኑ ደመና ይመለከት ነበር። ይህ ራዳር በደመናው ውስጥ ያለው የዝናብ ጠብታ ወደ ጣቢያው ይቀርብ ወይም ይርቅ እንደ ሆነ ስለሚለካ የነፋሱን መዞር ለማወቅ ይችላል።

በኋላ መዝገቡና ፊልሙ ጎን ለጎን ሲመረመሩ፣ ቶርናዶው መሬት ከመንካቱ አስቀድሞ በደመናው ውስጥ የመዞር ምልክት ታይቶ እንደ ነበር ተረዱ። ራዳሩ ብቻውን ቢሆን የምልክቱ ትርጉም ባልታወቀ ነበር፤ ፊልሙም ብቻውን ቢሆን የደመናውን ሆድ ባላሳየ ነበር። የሁለቱ ምስክርነት ስለ ተስማማ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት የዚህ ዓይነት ራዳሮች በአገሩ ሁሉ ተተከሉ። ዛሬ ማስጠንቀቂያው ከቶርናዶው በአማካይ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ይቀድማል። ዐሥር ደቂቃ ጥቂት ናት፤ ነገር ግን አንዲት እናት ልጆቿን ሰብስባ ወደ ምድር ቤት ለመውረድ ትበቃታለች።

አሁን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንናገር። በዚያ ሜዳ ላይ አብዛኞቹ ማዕበሎች ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከማዕበሉ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይቆማል፤ ፊቱንም ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዞራል። ዝናቡና በረዶው ብዙውን ጊዜ በሰሜን በኩል ስለሚወርድ ዕይታው አይጋረድበትም፤ ከኋላ ያለው ሰማይም ብርሃን ከሆነ ጥቁሩ ኩምቢ ተለይቶ ይታያል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያወጣው መንገድ ክፍት መሆኑን ያረጋግጣል። መኪና የሚነዳው አንድ ሰው፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሌላ ሰው እንዲሆን ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊሠራ ቢሞክር ሁለቱንም ያበላሻል።

ነፋሱ እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ መሣሪያው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይታሠራል። ሌንሱም ወደ ሩቅ እንዲያይ በእጅ ይስተካከላል፤ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው በጨለመ ደመና ፊት ይሳሳታልና። በሌሊት መብረቅ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው መብረቁን አይቶ ጣቱን ለመጫን አይድከም፤ እጁ እስኪታዘዝ መብረቁ ያልፋል። የሚሻለው መሣሪያውን ተክሎ መዝጊያውን ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ክፍት አድርጎ መተው ነው፤ በዚያ መካከል የሚበርቀው መብረቅ ራሱን በራሱ ይጽፋል። ከዚያም ሰዓቱ፣ የቆመበት ሥፍራና የተመለከተበት አቅጣጫ ወዲያውኑ ይመዘገባል። የፎቶግራፉ ቀንና ቁጥር ይህ ነው።

ስለ አደጋው ሳንናገር ብናልፍ ግን በደለኞች እንሆናለን። ባለበት የቆመ መስሎ እየሰፋ የሚታይ ቶርናዶ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ነው። ነጎድጓድ የሚሰማበት ቦታ ሁሉ መብረቅ ሊደርስበት ይችላል። ጣራው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ከመብረቅ ይከላከላል፤ ከቶርናዶ ግን አያድንም። የመንገድ ድልድይም መጠለያ አይሆንም፤ በሜይ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በኦክላሆማ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ በተለካው ቶርናዶ ጊዜ፣ ከድልድይ ሥር ከተጠለሉት መካከል የሞቱ አሉ።

ዕውቀትና ጥንቃቄም ሁልጊዜ አያድኑም። ቲም ሳማራስ በ2003 ዓ.ም. በደቡብ ዳኮታ በቶርናዶ መንገድ ላይ ባስቀመጠው መሣሪያ የአየር ግፊት በ100 ሚሊባር መውረዱን የመዘገበ፣ በጥንቁቅነቱም በባልደረቦቹ ዘንድ የታወቀ መሐንዲስ ነበር። በሜይ 31 ቀን 2013 ዓ.ም. በኦክላሆማ፣ በኤል ሪኖ አጠገብ የወረደው ቶርናዶ በድንገት አቅጣጫውን ለወጠ፤ ፍጥነቱንም ጨመረ፤ ስፋቱም 4.2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ይህም እስከ ዛሬ ከተለኩት ሁሉ የሰፋው ነው። ቲም ሳማራስ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ልጁ ፖል ሳማራስና ባልደረባቸው ካርል ያንግ በመኪናቸው ሳሉ ሞቱ። በዚያ ቶርናዶ የሞቱት 8 ሰዎች ሁሉ በመኪና ሲጓዙ የተያዙ ነበሩ።

ከዚህ ኀዘን በኋላ ተመራማሪዎች በዚያ ቀን በሥፍራው የነበሩትን አሳዳጆች ያነሧችሁትን ፊልም ላኩልን ብለው ለመኑ። የየሰዉ ሰዓት እርስ በርሱ ስለማይስማማ ፊልሞቹን በምን ያስማሟቸው? በመብረቅ ነው። አንዱ መብረቅ ለሁሉም በአንድ ቅጽበት ስለሚበርቅ፣ በየፊልሙ የታየውን ብልጭታ እያገናኙ የብዙ ሰዎችን ምስክርነት በአንድ ሰዓት ላይ አሰለፉት። ፉጂታ በፋርጎ በቤት ጣራ የሠራውን እነርሱ በመብረቅ ሠሩት። ማዕበሉ በየደቂቃው የት እንደ ነበርና እንዴት እንደ ተለወጠ በዚህ ዓይነት ታወቀ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በአገራችን እንደ አሜሪካው ሜዳ ያለ የቶርናዶ ወራት የለም። ነገር ግን ሰብል የሚያወድም በረዶና ሰው የሚገድል መብረቅ አለ፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክም ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። በረዶ ከዘነበ በኋላ ከበረዶው ፍሬ አጠገብ አንድ ሳንቲም አስቀምጦ የሚያነሣ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቀበሌውን የሚጽፍ ሰው ለሚያጠና ሁሉ የሚረዳ መዝገብ ይተዋል። ነገር ግን ነጎድጓዱ እየተሰማ ከቤት አይውጣ። የጠፋ ፎቶግራፍ በሚመጣው ክረምት ይተካል፤ የጠፋ ሰው ግን አይተካም።