ማዘርቦርድ አዲስ ሥርዓተ ክወና አልቀበል ባለ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

ለበሽተኛ መድኃኒት ከመስጠት አስቀድሞ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የኮምፒዩተርም ነገር እንደዚሁ ነው። ሥራውን ባቆመ ጊዜ ምክንያቱን ሳይመረምሩ «ይህ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ቤትን ገንዘብ በከንቱ ያጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ የተጻፈውን መዝገብ አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ በየመንደሩ ለሚያስተምሩ መምህራንና የትምህርት ቤትን ንብረት ለሚጠብቁ ሽማግሎች ይህ ማስገንዘቢያ ተጻፈ።

ለመጻፌ ምክንያት የሆነኝ ነገር እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ጀሞ በሚባለው ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሁኜ ሳገለግል፥ የአምስት ዓመት የተማሪዎች ውጤት የተጻፈበት አንድ ኮምፒዩተር ነበረን። በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 አሻገርነው፤ ሁለት ሳምንትም በደኅና ሠራ። ከዚህ በኋላ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ሰኞ ጧት ብንከፍተው ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ቀጥ አለ። የተጠራውም ጠጋኝ ጥቂት ተመልክቶ፥ «ማዘርቦርዱ አዲሱን ሲስተም አይቀበልም፤ መለወጥ አለበት» አለ። የጠራውም ዋጋ ለዓመቱ ወረቀትና ጠመኔ ከያዝነው ገንዘብ የሚበልጥ ነበረ። ከወላጆች ኮሚቴ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው፥ «ልጄ፥ ባለፈው ሳምንት የተቀበለውን ዛሬ እንዴት አልቀበልም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ «አባቴ፥ እርሱን አላወቅሁም» አልኋቸው። መልሱን ያገኘነው ነገሩን በየተራ ከመረመርን በኋላ ነው፤ የመረመርንበትም ሥርዓት ከዚህ በታች ተጽፏል።

ማዘርቦርድ ማለት በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ትልቁ ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ፥ ራሙ፥ ዲስኩ፥ ስክሪኑና ኪቦርዱ ሁሉ የሚገናኙት በእርሱ ነው። ሥርዓተ ክወና፥ ብዙ ሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚለው፥ የሚጨበጥ ዕቃ አይደለም፤ ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያዝ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ የዚህ ዓይነት ናቸው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ባዮስ የሚባል አጭር ጽሑፍ በማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ አለ። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ጊዜ አስቀድሞ የሚነቃው እርሱ ነው፤ ዕቃዎቹን ይቈጥራል፤ ከዚያም ሥርዓተ ክወናውን ከዲስክ ፈልጎ ቤቱን ያስረክበዋል። የቀድሞው አሠራር ሌጋሲ፥ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ይባላል። አያሌ ማዘርቦርዶች ሁለቱንም ያውቃሉ፤ ሲኤስኤም የሚባለው ምርጫ ሲከፈት የቀድሞውን ሥርዓት ይቀበላሉ፤ ሲዘጋ በአዲሱ ብቻ ይሠራሉ።

ዊንዶውስ 11 የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ለመሻገር ተጣደፈ። አዲሱ ግን ከመግባቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር አለው። ራም ቢያንስ 4 ጊጋባይት፥ የዲስክ ስፍራ 64 ጊጋባይት ይሻል። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ሆኖ ኩባንያው በዘረዘራቸው ውስጥ መገኘት አለበት፤ ይኸውም በጠቅላላው ከኢንቴል ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ፥ ከኤኤምዲ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለው ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሴኪዩር ቡትንና ቲፒኤም 2.0ን ይፈልጋል። ሴኪዩር ቡት እንደ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ያልታወቀ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ተቀባይነት እንደሌለው፥ ማዘርቦርዱም ፊርማው ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሣ ይከለክላል። ቲፒኤም ደግሞ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ክፍል ነው፤ ራሱን የቻለ ቺፕ ይሆናል፥ ወይም ከፕሮሰሰሩ ጋራ አብሮ የተሠራ ይሆናል።

እንግዲህ የምርመራው ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ፤ መዝገቡን ማትረፍ። ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት በዲስኩ ያለው ጽሑፍ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይገልበጥ። ኮምፒዩተሩ አልነሣም ካለ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በማገናኘት መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ቁልፍ የተዘጋ እንደ ሆነ ባለ 48 አኀዝ የሆነው የመክፈቻ ቍጥር አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ የባዮስ ምርጫ ወይም ቲፒኤም በተለወጠ ጊዜ ይህን ቍጥር ሊጠይቅ ይችላልና። ቍጥሩ ከጠፋ ጽሑፉም ጠፋ ማለት ነው።

2ኛ፤ የማዘርቦርዱን ስም ማወቅ። የዊንዶውስን ቁልፍና የላቲኑን «አር» አንድ ጊዜ ተጭኖ «ኤምኤስኢንፎ32» ብሎ በላቲን ፊደል ቢጽፉ፥ የሠሪው ስም፥ የሰሌዳው ሞዴል፥ የባዮሱ ቀንና አሠራሩ ሌጋሲ ወይም ዩኢኤፍአይ መሆኑ በአንድነት ይታያል። ኮምፒዩተሩ ካልተነሣ ግን ሞዴሉ በሰሌዳው ላይ ታትሞ ይገኛል። ሣጥኑን ለመክፈት ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀል።

3ኛ፤ የጐደለውን ለይቶ ማወቅ። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፒሲ ኼልዝ ቼክ የሚባለው ፕሮግራም ከተጠየቁት ነገሮች የትኛው እንደ ተሟላና የትኛው እንደ ጐደለ በየስሙ ይናገራል። «አይስማማም» የሚለውን የሰው ቃል ብቻ ከመቀበል ይህን ማንበብ ይበልጣል።

4ኛ፤ የባዮስን ምርጫ መመልከት። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲሌት ወይም ኤፍ2 የሚባለውን ቁልፍ በመደጋገም ሲጫኑ የባዮስ ገጽ ይከፈታል። ቲፒኤም የለም የተባለው አያሌ ጊዜ ያለ ነገር ግን የተዘጋ ነው። በኢንቴል ማዘርቦርድ ፒቲቲ፥ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ተጽፎ ይገኛልና ስሙን አውቆ መፈለግ ይገባል። ሴኪዩር ቡትን ለመክፈት ግን ሲኤስኤም መዘጋት አለበት፤ ይህም ከሚቀጥለው ነገር በፊት አይደረግ።

5ኛ፤ የዲስኩን አከፋፈል መመርመር። ዲስክ የሚከፈልበት ሁለት ዓይነት መዝገብ አለ። አሮጌው ኤምቢአር፥ አዲሱ ጂፒቲ ይባላል። አሮጌው ከአራት ዋና ክፍል በላይ አይመዘግብም፤ በተለመደው አሠራርም ከ2 ቴራባይት ያለፈውን ስፍራ አያውቅም። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ አሠራር እንዲነሣ ዲስኩ በጂፒቲ መከፈል አለበት። ስለዚህ ዲስኩ በኤምቢአር እንዳለ ሲኤስኤምን የዘጋ ሰው ኮምፒዩተሩ ሳይነሣ ይቀርበታል፤ ማዘርቦርዱም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ከዊንዶውስ 10 ጋራ የመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባለው መሣሪያ ጽሑፉን ሳያጠፋ አከፋፈሉን ይለውጣል፤ ቢሆንም በ1ኛው የተነገረው ግልባጭ ሳይያዝ አይሞከር።

6ኛ፤ ሰዓቱንና ባትሪውን ማየት። በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፥ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ገመዱ በተነቀለ ወይም መብራት በጠፋ ጊዜ ሰዓቱን የምታስኬደው እርሷ ናት፤ በብዙ ሰሌዳዎችም የባዮስን ምርጫ የምታቆየው እርሷ ናት። ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል፤ ምርጫውም ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ይሆናል።

የሽማግሌው ጥያቄ የተመለሰው በዚህ ላይ ነው። የባዮስን ገጽ ከፍተን ብናይ ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ሆኖ አገኘነው። ሲኤስኤም ተከፍቷል፤ ማስነሻው ወደ ሌጋሲ ተመልሷል፤ ፒቲቲም ተዘግቷል። በጥቅምት ወር ያስተካከልነው ሁሉ መብራት በጠፋበት ሌሊት ተረስቶ ነበር። ማዘርቦርዱ አዲሱን ሥርዓተ ክወና አልጠላም፤ የተነገረውን የሚያስታውስበት ባትሪ ነው ያለቀው። ባትሪዋን ለወጥን፤ ቀኑን አስተካከልን፤ ምርጫዎቹን እንደ ነበሩ መለስን፤ የተማሪዎቹም ውጤት ምንም ሳይጐድል ተከፈተ። የባትሪዋ ዋጋ ከአንድ ደርዘን ደብተር ዋጋ ያንስ ነበረ።

ሁሉ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም፤ ስለዚህ የቀሩትን ሁለቱን እጨምራለሁ።

7ኛ፤ ድራይቨር። ድራይቨር ማለት ሥርዓተ ክወናው አንዱን ዕቃ የሚያዝበት ቋንቋ ነው። ቋንቋው ከሌለ ዕቃው ደኅና ሳለ የሌለ ይመስላል። ዊንዶውስ 7ን በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ ለመጫን የሞከሩ ሰዎች ማውስና ኪቦርዱ እምቢ ያላቸው የዩኤስቢ 3 ድራይቨር በውስጡ ስላልነበረ ነው። ከኢንቴል 11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት በአንዳንዶቹ ደግሞ ዊንዶውስ ሲጫን ዲስክ የለም ይላል፤ ቪኤምዲ የሚባለው የዲስክ መቈጣጠሪያ ድራይቨር ከፍላሽ ሲሰጠው ግን ዲስኩን ያያል። ድራይቨር የሚወሰደው ከማዘርቦርዱ ሠሪ ገጽ ነው። የኔትዎርኩን ድራይቨር አስቀድሞ በፍላሽ መያዝ ይበጃል፤ ያለ እርሱ ሌላውን ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልምና።

8ኛ፤ ባዮስን ማደስ። ሠሪው ያወጣው አዲስ ባዮስ አንዳንዱን አለመስማማት ያርቃል። ሥራው ግን አደገኛ ስለ ሆነ በመጨረሻ ተጻፈ። ፋይሉ የዚያው ሞዴልና የዚያው ሪቪዥን መሆን አለበት። በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላልና፥ ያለ ዩፒኤስ አይጀመር፤ ላፕቶፕ የሆነ እንደ ሆነም ባትሪው ተሞልቶ ገመዱ ሳይነቀል ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፕሮሰሰሩ በእውነት ያረጀ ሆኖ ቢገኝ፥ ያን ጊዜ አለመስማማቱ እውነተኛ ነው። ፕሮሰሰሩን ብቻ ልለውጥ የሚል ሰው ሶኬቱ መግጠሙን ብቻ አይመልከት። የኢንቴል 7ኛውና 8ኛው ትውልድ ለዴስክቶፕ ሲሠሩ የሶኬታቸው ስም አንድ ነው፤ ሁለቱም 1151 ይባላሉ፤ ነገር ግን በ7ኛው ማዘርቦርድ ላይ 8ኛው አይሠራም። ጥያቄውን በዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫንም አለ፤ ሆኖም ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር አፕዴት ለመስጠት ዋስ አይሆንም። በ2024 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣውም እትም እጅግ ባረጁ ፕሮሰሰሮች ላይ ከቶ አይነሣም። ለትምህርት ቤት የሚሻለው እንደ ኡቡንቱ ወይም እንደ ሚንት ያለውን ሊኑክስ መሞከር ነው። በነጻ ይገኛል፤ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነሥቶ መስማማቱን ማየት ይቻላል፤ የአማርኛ ጽሑፍም ይጻፍበታል። ወደ ዲስኩ ከመጫኑ በፊት ግን መዝገቡ መገልበጥ አለበት፤ ትምህርት ቤቱ የሚሠራበት ልዩ ፕሮግራም ካለም በሊኑክስ መሥራቱ አስቀድሞ ይታወቅ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አሳስባለሁ። ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ ደብተር ይከፈትለት። የማዘርቦርዱ ስምና ሪቪዥን፥ የባዮሱ ቀን፥ የተስተካከለው ምርጫ ሁሉ፥ ባትሪው የተለወጠበት ቀንና የጠጋኙ ሥራ በቀኑ ይጻፍበት። የቢትሎከሩ ቍጥር ግን ለብቻው በተቈለፈ ሣጥን ይቀመጥ። በጀሞ የደረሰብን ችግር በዋናነት የዚህ ደብተር አለመኖር ነበረ፤ በጥቅምት ወር ምን እንደ ለወጥን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ ሰኞ ጧት ምን እንደ ተመለሰ በአንድ ጊዜ እናውቅ ነበረ። አሁን ደብተሩ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያውም መስመር፥ «ባትሪ ተለወጠ» ይላል።