የዓሣ ገንዳ ባለበት ክፍል እርጥበትንና የኤሌክትሪክ አደጋን መከላከል

በመኖሪያ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ጌጠኛ ዓሦችን በመስታወት ገንዳ ማኖር በከተሞች የሚታይ ልማድ ነው። ገንዳው ለዓይን የሚማርክ ቢሆንም ውኃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን የሚገኙበት በመሆኑ ከፍተኛ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

አደጋው የሚደርሰው ገንዳው ሲሰበር ወይም ሲያፈስ ብቻ አይደለም። የሞቃት አካባቢ ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ስለሚፈልጉ ውኃው ሳያቋርጥ ይተናል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች፣ በተለይም በክረምት፣ ተኑ ቀዝቃዛ መስኮትና ግድግዳ ሲነካ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። በዚህም ምክንያት ግድግዳ ይሻግታል፤ በአቅራቢያው የተቀመጡ ፋይሎች ይበላሻሉ፤ የሶኬት ብረታማ ክፍሎችም ይዝጋሉ። የዛገ ሶኬት ግንኙነቱ ስለሚላላ ይግላል፤ ቃጠሎም ሊያስነሳ ይችላል።

ይህንን ለመከላከል ገንዳውን መክደን፣ ከግድግዳ ማራቅና ክፍሉን በየዕለቱ ማናፈስ ይገባል። የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መጠን ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ መስመሩን በተመለከተ፣ ሶኬትና ማከፋፈያ ከወለል ከፍ ብለው ከገንዳው ጎን መቀመጥ እንጂ ከሥሩ መሆን የለባቸውም። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከታጠፈ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ መሰካት አለበት። ይህም በገመዱ ላይ የሚወርደው ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከእጥፋቱ ላይ እንዲንጠባጠብ ያደርጋል።

ብዙዎች የቆጣሪው ብሬከር ሕይወታቸውን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ 16 አምፒር ብሬከር የሚከላከለው ሽቦው ከመጠን በላይ እንዳይግል ነው። ሰውን ለሞት ሊያበቃ የሚችለው ኤሌክትሪክ ግን ከዚህ ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ያነሰ፣ ወደ 30 ሚሊ አምፒር የሚጠጋ ነው። ስለሆነም ወደ ሰው አካል ወይም ወደ መሬት ያመለጠን ኤሌክትሪክ ለይቶ በቅጽበት የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፒር መከላከያ በባለሙያ ማስገጠም፣ የመሬት መስመሩንም ማስፈተሽ አስፈላጊ ነው።

እጅን ወደ ውኃው ከማስገባት በፊት ሁሉንም መሣሪያዎች ከሶኬት መንቀል ይገባል። መብራት በጠፋበት ሰዓትም ቢሆን ይህ ጥንቃቄ መዘንጋት የለበትም፤ ኃይሉ በድንገት ሊመለስ ይችላልና። ማሞቂያውም ከተነቀለ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ከውኃ ከወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ሲያጋጥም በእጅ መንካት ሌላ ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በቅድሚያ ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት፣ ከዚያም ተጎጂውን ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። በመሆኑም የማጥፊያውን ቦታ የቤተሰቡ አባላትና የቢሮው ሠራተኞች ሁሉ አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።