የእስትንፋስ ጥበት በባሌ ደጋ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተንጣለለው የስንዴና የገብስ ማሳ በበልግም በመኸርም የሚታጨድ ስለ ሆነ፣ ኮምባይነሩ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የእብቁን ብናኝ ወደ ሰማይ ሲያወጣው፣ ለብዙው ሰው የጥጋብ ምልክት የሆነው ያ ጉም መሰል አቧራ፣ ለአንዳንዱ ጎልማሳ ሌሊቱን በመደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን በጉልበቱ ተክሎ፣ ደረቱ እንደ ዋሽንት እያፏጨ ንጋትን የሚጠብቅበት ወራት መግቢያ ነው። ጎረቤቱ «ብርድ መታው» ይላል፤ ከከተማ የመጣ ዘመድ «ሳይነስ ነው» ይላል፤ አስም የሚለውን ስም ግን፣ ስሙን መጥራት ደዌውን መጥራት ይመስል፣ ከቤተ ሰቡ ደፍሮ የሚያነሣው የለም።

ነፋስ፣ ነፍስና እስትንፋስ በግእዝ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው፣ አባቶች እስትንፋስን ከሕይወት ለይተው እንዳላዩት ይረዳል። አስም የሚያውከው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ወደ ሳንባ የሚወስዱት የአየር ቧንቧዎች ውስጣዊ ገጽ ለረጅም ጊዜ ተቆጥቶና አብጦ ስለሚኖር፣ ሌላውን ሰው የማይጎዳ ጥቂት አቧራ፣ የኩበት ጢስ፣ ጉንፋን፣ ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ደረቅ ብርድ ሲነካቸው፣ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታውም ይወፍራል፤ አየሩ ከመግባት ይልቅ መውጣት ይቸግረዋል።

ታዲያ ይህ ጥበት መጥቶ የሚሄድ መሆኑ ነው ሐኪሙን የሚያስቸግረው። ከብድሬ ከተማ ተነሥቶ ሩቅ መንገድ ተጉዞ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የደረሰ ሕመምተኛ፣ ሌሊት ሲያፍነው የነበረው ደረቱ ከቀትር በፊት ጸጥ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ሐኪሙም በማዳመጫው ምንም ሳይሰማ ቢቀር፣ ሰውየው ሐሰተኛ ሐኪሙም አላዋቂ አይደሉም፤ ደዌው በዚያች ሰዓት ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ማስረጃው ታሪክ ነው፦ ሳሉ በየትኛው ሰዓት ይብሳል? ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ከዐውድማ ሲርቁ ይሻላል? ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ ባለበት ደግሞ ሕመምተኛው በአንድ ሰከንድ በኃይል የሚያወጣው አየር ይለካል፤ ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት ስቦ እንደገና ሲለካ ቢያንስ 12 በመቶና 200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ፣ ለአዋቂ ሰው ጠንካራ ምልክት ነው። ይህ በሌለበት፣ መብራት የማይሻው ትንሹ የትንፋሽ ኃይል መለኪያ ጧትና ማታ ለሁለት ሳምንት ያህል ተነፍቶበት ቁጥሩ በደብተር ቢጻፍ፣ የቁጥሩ መዋዠቅ ራሱ ይመሰክራል፤ በእኔ ግምት ለገጠር ጤና ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለም። የሚያፏጭ ደረት ሁሉ ግን አስም አይደለም፤ ዕድሜዋን በማድቤት ጢስ ያሳለፈች እናት ሌላ የሳንባ ደዌ ሊኖርባት ይችላል፤ የልብ ድካምና የሳንባ ነቀርሳም አስምን ይመስላሉ።

ሊቃውንቱ አስምን ሲከፋፍሉት ኖረዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ራክማን በ1947 እ.ኤ.አ. ከውጭ በሚመጣ ነገር የሚነሣውንና ከውስጥ የሚነሣውን ለየ፤ በኋላም አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ቀላል፣ መካከለኛና ብርቱ ተባለ። ዛሬ የብርታቱ መለኪያ ደዌውን ጸጥ ለማድረግ የሚያስፈልገው መድኃኒት መጠን ሆኗል። «ቀላል» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው አታሏል፤ ቀላል የተባለበት ሰው እንኳ በድንገተኛ ጥቃት ሊሞት ስለሚችል፣ የዓለም የአስም መመሪያ አዘጋጆች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምረው ቧንቧን ለጊዜው የሚከፍተውን ሳልቡታሞልን ብቻ መያዝ እንደማይበቃ፣ የተቆጣውን ቧንቧ የሚያበርድ የሚሳብ ስቴሮይድ እንደሚያስፈልግ አስታውቀዋል።

ስለ መንሥኤው አገራችን ለዓለም ያበረከተችው አንድ እንቆቅልሽ አለ። በጅማና በዙሪያዋ የተደረገውና በ1997 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ በቤት አቧራ ውስጥ በምትኖር ደቂቅ ተባይ ቆዳቸው የሚቆጣባቸው ሰዎች በገጠሩ እንደሚበዙ፣ አስም ግን በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። የገጠሩን ሰው ምን ጠበቀው? የአንጀት ትላትል ሰውነትን ሳያስታግሡ አይቀሩም የሚል አሳብ አለ፤ ትልን ስለ አስም ብሎ የሚያሳድግ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ሌሊት የሚያፍነው ሰው ካለ፣ ሳሉ የመጣበትን ሰዓትና ቦታ በወረቀት ጽፈህ ለሐኪሙ ይዘህ ሂድ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ወረቀቱን ተወውና፣ ንጋትን ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል አድርሰው።